የዴሩታ ሸክላ ለቤትሽ፦ ሳህኑን ከቀቢው እጅ፣ ዋስትናውን በጽሑፍ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቻለሁ። በቅርቡ ጣሊያን ልትሄጂ ነው። ለአዲሱ ቤትሽ በእጅ የተቀባ የሸክላ ሳህንና የቡና ሲኒ ፈልገሻል። ምን ልምረጥ፣ እንዴትስ አሜሪካ ላድርሰው ነው ያልሽው። እኔ ቨርጂኒያ ከመምጣቴ በፊት ጣሊያን ውስጥ ፔሩጃ በምትባል ከተማ ነበር የምኖረው። በሸክላ የታወቀችው ዴሩታ እዚያው አጠገብ ናት። የአንቺም ነገር የእኔው ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ ከተማ ምረጪ። ዴሩታ ራፋኤሌስኮ በሚባለው ንድፍ ትታወቃለች፤ በነጭ ላይ ቢጫና ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ዘንዶ መሳይ ፍጡር። ወደ ደቡብ ከወረድሽ ባሕር ዳርቻ ላይ ቪየትሪ ሱል ማሬ አለች፤ እዚያ አህያና ዓሣ ይሥላሉ። ሲሲሊ ውስጥ ደግሞ ካልታጂሮኔ አለች። 142 ደረጃ ያለው መወጣጫዋ ፊት ለፊቱ በሙሉ በተቀባ ሸክላ የተለበጠ ነው። ሁሉም ያምራል፤ አንድ ግድግዳ ላይ ሲደባለቅ ግን ዓይን ያደክማል። እኔ በዴሩታ ረግቻለሁ። ራፋኤሌስኮን ብዙ ወርክሾፖች ስለሚሠሩት አንድ ሳህን ቢሰበር ምትክ አይጠፋም። ቢጫው ግን ከአንዱ ቀቢ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ ደንበኛሽ አንድ ቤት ይሁን።

2. ሳህኑን ገልብጪው። ይህን ያስተማሩኝ ዴሩታ ውስጥ ዕድሜያቸውን በቅብ ያሳለፉ እናት ናቸው። ሸክላው አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ቆርቆሮ ያለበት ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ያ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይሆናል። ቀለሙ የሚቀባው በዚያ ላይ ነው፤ ወዲያው ስለሚመጠው ማጥፋት የለም። ከዚያ ከ900 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንደገና ይተኮሳል። በእጅ የተቀቡ ሁለት ሳህኖች ፈጽሞ አንድ የማይሆኑትም ለዚህ ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁለቱ ሳህኖች በፀጉር ታህል እንኳ ካልተለያዩ የታተመ ሥዕል ተለጥፎባቸዋል ማለት ነው። በዋጋ አትከራከሪ፤ ትተሽው ውጪ። ከሥር ቅቡ ያልነካው ቦታ ላይ የሸክላውን አፈር ማየት አለብሽ። በጣትሽ አንጓ መታ አድርጊው፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ለግድግዳ ከሆነ ከጀርባው ሽቦ ማሰሪያ ቀዳዳ ያለውን ውሰጂ። ጠርዙን የሚቆነጥጠው የሽቦ መስቀያ ቅቡን ይፈነቅለዋል።

ከኋላው «ኢታሊ» የሚል ጽሑፍ እያሳዩ «ይሄ ጥንታዊ ነው» የሚሉም አሉ። ከ1891 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የአገሩ ስም እንዲጻፍ ያስገድድ ነበር። ጽሑፉ የሚነግርሽ ለውጭ ገበያ መሠራቱን ነው፤ ዕድሜውን አይደለም። ከመግዛትሽ በፊት በ1898 የተቋቋመው የዴሩታ ሸክላ ሙዚየም ግቢ። እውነተኛውን አሮጌ ካየሽ በኋላ ማንም አያታልልሽም።

ስለ ሲኒው ግን በግልጽ ልንገርሽ፤ አትግዢ። የዴሩታ ሸክላ ከፖርሴሊን ይልቅ ለስላሳ ነው። ረከቦት ላይ እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ በየቀኑ እየታጠበ፣ ከንፈሩ ቶሎ ይሸረፋል። ለቡናሽ የለመድነውን ሲኒ ያዢ፤ ከዴሩታ ለቁርሱ ሰፊ ሳህን ግዢ። በአሮጌ ሳህን ላይ ደግሞ ምግብ አታቅርቢ፤ የድሮ ቅብ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ሎሚና ቲማቲም የነካው ወጥ ደግሞ እርሳሱን ያወጣዋል። ለማዕድ የምትገዢው ለምግብ እንደሚሆን የሚያሳየው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ይኑረው።

3. ማጓጓዣ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። ከፔሩጃ ስወጣ በዓመታት የሰበሰብኩትን ሳህን ይዤ አንድ የታወቀ የዕቃ ላኪ ቢሮ ሄድኩ። የማሸጊያውንም የመድንም ከፈልኩ። ያሸጉት የራሳቸው ሠራተኞች ናቸው፤ ዓይኔ እያየ። ሳህኖቹን ጋደም አድርገው ሲደራርቡ «እባካችሁ በጠርዛቸው አቁሟቸው» ብዬ ለምኛለሁ። ልጁ «ሥራችንን እናውቃለን፣ ሲኞራ» አለኝ። ቨርጂኒያ ሲደርስ ካርቶኑን ገና ሳነሣው ድምፁ ነገረኝ። ከላይ ካሉት ጥቂቶች በቀር ስብርብሩ ወጥቷል። ፎቶ አንሥቼ፣ ደረሰኙን አያይዤ ላክሁ። መልሳቸው «በደንባችን ሸክላና ብርጭቆ በመድን አይሸፈንም» ነበር። ታዲያ የመድን ብር ለምን ተቀበላችሁኝ? ስደውል ደግሞ «አስተሻሸጉ ጉድለት አለበት» አሉኝ። ራሳቸው ያሸጉትን! በመጨረሻ አንዷ ሠራተኛ «ሸክላ ነው እኮ፣ ምን ጠብቀሽ ነበር?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ያኔ ያለቀስኩት ለብሩ አይደለም። በእኒያ እናት እጅ የተቀባ ሰፊ ሳህን ከተሰበሩት መካከል ነበር፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከወርክሾፑ ስትገዪ እነሱው አሽገው ይላኩልሽ። እያንዳንዱ ሳህን ለብቻው ይጠቀለል፣ በጠርዙ ይቁም፣ ካርቶኑም በሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ። ከተሰበረ ማን እንደሚተካው ደረሰኙ ላይ ያስፍሩልሽ። መድን የሚሸጥልሽ ሌላ ሰው ከሆነ «ሸክላ ይሸፈናል» የሚለውን ቃል በጽሑፍ አምጣ በይው። ካላመጣ ብርሽን አታውጪ። በጣም የምትወጃትን አንዷን ሳህን ደግሞ በእጅ ሻንጣሽ ያዢ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ የገዛኋቸው ሁሉ እንዲህ ነው የገቡት። አሁን ሳሎኔን ያየ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለዚያ ግድግዳ ነው፤ ደስ ይለኛል።

የግድግዳሽን ስፋትና ቀለም ጻፊልኝ። ነጭ ከሆነ መሐሉ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ሳህን፣ ዙሪያውን ትናንሽ ብታደርጊ ይበቃሻል። ትእዛዝ መስጠት ካሰብሽ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ጻፊላቸው፤ ቅቡና ሁለተኛው እሳት ጊዜ ይወስዳል፣ እዚያ ደርሰሽ አይደርስልሽም።