ማስተርሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ አንድ ቀበሌ አሠልጥኚ

«ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአደጋ ስጋት አስተዳደር ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ምኞቴ ሰውን ለአደጋ የሚያዘጋጅ አሠልጣኝ መሆን ነው። ብዙ የኦንላይን ሰርተፊኬት አለኝ፤ የጠራኝ ቀጣሪ ግን የለም። ቤተሰብ ‹በነፃ መሯሯጥ እስከ መቼ?› ይለኛል። አጎቴ በአንድ ብድርና ቁጠባ ተቋም የገንዘብ ያዥ ሥራ አግኝቶልኛል። ልግባበት ወይስ ማስተርስ ልማር? የተወለድኩት ፎገራ ነው፤ እናቴ አሁንም እዚያው ናት።» ከአባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር

ውድ እህቴ፣

የአጎትሽን ሥራ ያዢው። የቤት ኪራይና ትራንስፖርት እያስጨነቀሽ ምኞትሽን ብዙ ርቀት አትወስጂውም። ደሞዝ እየተከፈለሽ በእረፍት ቀንሽ ማገልገል ነውር የለውም። ከበጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ መምህር፣ ነርስ፣ ተማሪ፣ ባለሱቅ ናቸው። ማስተርሱን ግን ለጊዜው አቆዪው።

ለምን መሰለሽ? አሠልጣኝ የሚመዘነው እሱ ከሄደ በኋላ ሰልጣኞቹ በሚያደርጉት ነገር ነው። አንቺ እስካሁን የምታሳዪው ወረቀት ነው እንጂ ያሠለጠንሽው ሰፈር የለም። ተጨማሪ ዲግሪ ይህን ክፍተት አይሞላልሽም።

እኛ አገር ሥልጠና ሲባል የሚታወቀው የሆቴል አዳራሽ፣ ፓወርፖይንት፣ የሻይ ሰዓት፣ ፊርማ፣ በመጨረሻም አበል ነው። ከወር በኋላ ሰልጣኙን «ጎርፍ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብትዪው ከሥልጠናው በፊት ያውቀው የነበረውን ይነግርሻል። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ውኃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗን ኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ከፍርስራሽ በሕይወት የወጣውን አብዛኛውን ሰው ያወጡት ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው። ያን ያህል የነፍስ አድን ተቋም ባለባት አገር ማለት ነው።

አንቺ ደግሞ የተወለድሽበት ቦታ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። የፎገራን ሜዳ ታውቂዋለሽ፤ ዝቅ ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ከደጋው ሞልተው ይወርዳሉ። ጣና ከፍ የሚለው ዘግይቶ፣ መስከረም አካባቢ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ያለ ቀበሌ መጀመሪያ በወንዙ ይፈተናል፣ ቀጥሎ ሐይቁ ሞልቶ ውኃው መሄጃ ሲያጣ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። ይህን ለገበሬው አታስተምሪውም፤ እሱ ነው የሚያስተምርሽ። ውኃው በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ጉብታ እንደማይዋጥ ጠይቂው። መሬት ላይ በእንጨት ይሣለው። ሴቶቹ ለብቻቸው ይሣሉ። የእነሱ ካርታ ላይ የውኃ መቅጃው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ጎረቤት፣ አልጋ ላይ የዋሉት እማማ ይወጣሉ።

ከባዱ ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። «ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ቶሎ ውጡ» ማለት ለአፍ ይቀላል። ገበሬ ግን ከብቱን ጥሎ አይወጣም። እህሉንም ጥሎ አይወጣም። «ሕዝቡ አልሰማ አለ» የሚል አሠልጣኝ ሥራውን አልሠራም። ከብቱን ማን ይነዳዋል? ወዴት? ውኃው የት ሲደርስ? እዚያ መኖ አለ ወይ? ጎተራው ከመሬት ስንት ክንድ ከፍ ይበል? እነዚህ ካልተመለሱ አባወራው ቤቱ ይቀራል፤ እሱ ከቀረ ሚስቱና ልጆቹም ይቀራሉ። እኔ ብሆን የሥልጠናውን ግማሽ ቀን ለከብቱ ነበር የምሰጠው።

ማስጠንቀቂያውስ በምን ይድረስ? ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባትሪ ይዘጋል። የዕድር ጥሩንባ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ። ጥሩንባ ሲነፋ ግን ሰው የሚያስበው መርዶ ነው። ስለዚህ ለጎርፍ የተለየ አነፋፍ ይመረጥ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይልመዱት። ባንግላዴሽ በዚህ መንገድ ሄዳ ተጠቅማለች። እ.ኤ.አ. በ1970 አውሎ ነፋስና የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለባት። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ። ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞተው 3,400 ያህል ሰው ነበር። መጠለያውና የአየር ትንበያውም ረድቷል፤ ግን ትንበያውን በር ድረስ ያደረሱት እነዚያ ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ ልምምድ። ሰዓት ያዢ። ጥሩንባው ከተነፋበት፣ አልጋ ላይ የዋሉት እማማ ጉብታው ላይ እስኪደርሱ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሁለት ጠንካራ እንጨትና አንድ ጋቢ ቃሬዛ ይሆናል። በቀን ከተሳካ በጨለማም ሞክሩት፤ በዚያው በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን ጎርፍ የመታት ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ቀበሌውና ፖሊስ ግን አስቀድመው ይወቁ። በዚህ ጊዜ ሳይነገር ሌሊት ጥሩንባ ማስነፋት ሌላ ድንጋጤ ያመጣል።

ሰው ሲሰጥም ዋና የማይችል ዘሎ እንዳይገባ አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ባለ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋ፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ይታሰር። ትንሽ ውኃ ቢኖርበት ሲወረወር ነፋስ አይወስደውም። እየሰጠመ ያለው ሰው ጀሪካኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ይያዘው፣ እናንተ ከዳር ሳቡት። ይህን በጣና ዙሪያ ያለ ሕፃን ሁሉ ቢያውቀው ምንኛ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ እናትሽ ስትሄጂ የዕድሩን ዳኛ አናግሪ። ሰንበቴ ላይ ሰው ራሱ ተሰብስቦ ይገኛል፤ አበል የሚጠይቅሽ የለም። ሰው ፈቃደኛ አይሆንም ብለሽ አትስጊ። እምቦጭ ጣናን ሲወር በእጁ ሊነቅል ስንት ሕዝብ ወጥቷል! የጎደለው ፈቃድ አልነበረም። ለወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤትም ቀድመሽ አሳውቂ፤ እነሱ ናቸው ነገ ሥራ ሲኖር የሚያስታውሱሽ። ቀይ መስቀል ቅርንጫፍሽን ደግሞ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የአሠልጣኞች ሥልጠና እንዲሰጡሽ ጠይቂ። በእጅሽ ያልተለማመድሽውን ደም ማቆም ለሌላ አታስተምሪ።

ሲቪሽ ላይ «ከፍተኛ የመግባባት ችሎታ አለኝ» የሚለውን ሰርዢው። በምትኩ የትኛው ቀበሌ፣ ስንት አባወራ፣ የመጀመሪያው ልምምድ ስንት ደቂቃ፣ ሁለተኛው ስንት እንደፈጀ ጻፊ። ያልተሳካውንም ጻፊ፤ ኢንተርቪው ላይ ብዙ የሚያስወራሽ እሱ ነው። የመስክ ሥራ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ደሞዞችሽ እሱን አውጪ፤ ከሌላ ሰርተፊኬት ይልቅ በር ይከፍትልሻል። ማስተርሱ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ፍለጋ አትቸገሪም።

አንድ ነገር ብቻ፦ የአጎትሽን ሥራ ከመፈረምሽ በፊት ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቂ። እሁድንም ከአሁኑ ለቤተሰብሽ አሳውቂ። ዕድሩን ደግሞ ከግንቦት አታሳልፊው፤ ሰኔ ከገባ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ አታገኚውም።