የዶሜን ግድግዳና ሬዚስታንስ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ስስ የማግኔት ፊልም ስለካ ዓመታት አልፈዋል። የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ «ሬዚስታንሱ ተቀየረ» ብላችሁ ብቻ አትምጡ። ከረንቱ በየት እንደሄደ፣ የማግኔት ፊልዱ ወዴት እንደነበረ አብራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ለምን ሬዚስታንስ ይነካል?

መልስ፦ ዶሜን ማለት ማግኔቱ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛበት የፊልሙ ክፍል ነው። በሁለት ዶሜኖች መካከል የማግኔቱ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይዞራል። ያ መዞሪያ ነው ግድግዳው። የሚያልፈው ኤሌክትሮን ስፒኑን፣ ማለትም የራሱን ትንሽ ማግኔት አቅጣጫ፣ አብሮ ማዞር አለበት። ግድግዳው ሰፊ ከሆነ ተረጋግቶ ይዞራል። ጠባብ ከሆነ ግን ወደኋላ ይቀራል። ማግኔት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ስፒኖች እኩል አይጓዙም፤ አንዱ መንገዱ ቀና ነው፣ ሌላው ይጋጫል። ወደኋላ የቀረው ኤሌክትሮን ሁለቱን መንገዶች ያደባልቃል፣ ሬዚስታንስም ይጨምራል። በ1997 ሌቪና ዣንግ ያሰሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ስፋቱ ወሳኝ ነው፦ ፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ላይ 100 ናኖሜትር አካባቢ፣ ኮባልት ላይ 15 ገደማ፣ ብረት-ፕላቲነም ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ።

ጥያቄ፦ ለማስላት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ የለመድከው።

ጥያቄ፦ የፐርማሎይ ሽቦዬ ላይ ግድግዳ ሲገባ ሬዚስታንሱ ቀነሰ። ግድግዳ ይቀንሳል ማለት ነው?

መልስ፦ ከረንቱ በየት በኩል? እሺ፣ በሽቦው ርዝመት ነው ብዬ ልገምት። ያየኸው ኤኤምአር (አናይሶትሮፒክ ማግኔቶሬዚስታንስ) ነው፤ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ቶምሰን በ1850ዎቹ ያገኘው። ማግኔቱ ከከረንቱ ጋር ትይዩ ሲሆን ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል፣ ሲያቋርጠው ዝቅ ይላል። ሽቦህ ውስጥ ማግኔቱ በርዝመቱ ተኝቷል። ግድግዳው ውስጥ ግን ወደ ጎን ይዞራል። በቃ፣ ቀነሰ!

እስቲ እናስላው። ሽቦው 10 ማይክሮሜትር፣ ግድግዳው 100 ናኖሜትር ይሁን። ከርዝመቱ መቶኛው ነው። ኤኤምአሩ 2 በመቶ ቢሆን ለውጡ ቢበዛ 0.02 በመቶ ነው። ፐርማሎይ ደግሞ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ይቀየራል። ናሙናህ በዲግሪ አንድ አስረኛ ቢሞቅ ጉድ ሆንክ። መጀመሪያ ከልኬትህ ላይ የኤኤምአርን ድርሻ ቀንስ፣ ከዚያ ስለ ግድግዳ እናወራለን።

ጣልቃ የገባ አባል፦ በ1996 ኮባልት ፊልም ላይ እነግሬግ ጭማሪ ለክተዋል እኮ። ክርክሩ አልቋል።

ሌላ አባል፦ የት አለቀ? በ1998 እነሩዲገርና ኬንት ብረት ሽቦ ላይ ቅናሽ ነው ያገኙት። ታታራና ፉኩያማም በ1997 ሊቀንስ እንደሚችል አስልተዋል።

የመጀመሪያው፦ የእነታታራ በጣም ቀዝቃዛ ሙቀት ላይ ነው፣ አትቀላቅል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተው። እነታታራ የሚሉት፣ በቅዝቃዜ የኤሌክትሮን ሞገድ በራሱ ላይ ተደርቦ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ግድግዳው ያንን መደራረብ ሲበትነው ይቀንሳል ነው። ሌቪና ዣንግ የሚያወሩት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱ አንዱን አያፈርስም። ልኬቶቹን ስታነጻጽሩ ግን መጀመሪያ ኤኤምአሩ እንዴት እንደተቀነሰ እዩ።

ጥያቄ፦ የግድግዳው ሬዚስታንስ ከጂኤምአር (ጃይንት ማግኔቶሬዚስታንስ) በምን ይለያል?

መልስ፦ ይህን እወደዋለሁ። ፌርና ግሩንበርግ በ1988 ያገኙት፣ በ2007 ኖቤል የተሸለሙበት ማለት ነው። እዚያ ሁለቱ የማግኔት ንብርብሮች መካከል ማግኔት ያልሆነ ስስ ሜታል አለ። ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ድንገት ይገባል፤ የሚዞርበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የሁለቱ ንብርብሮች አቅጣጫ ሲቃረን ሬዚስታንሱ በጣም ይጨምራል። ግድግዳ ውስጥ ግን መዞሪያው ዝግ ያለ ነው። ለዚህ ነው የግድግዳው ውጤት ትንሽ የሚሆነው።

ንብርብር ውስጥ ግን ቆንጆ ነገር አለ። በስፒን ቫልቭ ሽቦ (አንዱ የማግኔት ንብርብር ቋሚ፣ ሌላው ለመዞር ነፃ የሆነበት)፣ ነፃው ንብርብር ላይ አንድ ግድግዳ ስትነዳ፣ ያለፈበት ክፍል ከቋሚው ንብርብር ጋር ያለው አቅጣጫ ይገለበጣል። ግድግዳው የሽቦው አጋማሽ ላይ ሲደርስ የሬዚስታንስ ለውጡም አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ቁጥሩን አይተህ ግድግዳው የት እንዳለ ታውቃለህ። ያ ለውጥ ግን ከግድግዳው አይደለም፣ ከንብርብሮቹ ነው። አደራ፣ አትቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ ሬዚስታንሱ ቀነሰ፣ ለምን?

መልስ፦ ከረንቱ በየት በኩል? ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቀው።

ጥያቄ፦ ኮባልት-ፕላቲነም ንብርብር አለኝ፣ ማግኔቱ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። እዚያም ኤኤምአር ያስቸግራል?

መልስ፦ ጎበዝ እህቴ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ዶሜኖቹ ሁሉ ለከረንቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከረንቱ ግድግዳውን ካቋረጠና ግድግዳው ብሎክ የሚባለው ዓይነት (ማግኔቱ በግድግዳው ገጽ ላይ እንደተኛ የሚዞርበት) ከሆነ፣ ውስጡም ማግኔቱ ለከረንቱ ቀጥ እንዳለ ነው። ኤኤምአሩ ከሞላ ጎደል ዝም ይላል። ኔል የሚባለው (ማግኔቱ ግድግዳውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ የሚዞርበት) ከሆነ ግን ውስጡ ማግኔቱ በከረንቱ መስመር ይተኛል፣ ጭማሪ ታያለሽ፤ እሱም ኤኤምአር ነው።

የፐርማሎዩ ጠያቂ፦ ተመልሼ መጣሁ። በጎን ትልቅ ፊልድ ሰጥቼ ኤኤምአሩን ለካሁና ቀነስኩት። ምንም አልተረፈኝም። የግድግዳው ድርሻ የት ገባ?

መልስ፦ ከመለኪያህ ኖይዝ ሥር ነው ያለው። ፐርማሎዩን ተወው፣ የእህታችንን ዓይነት ፊልም ውሰድ።