ከቫንኩቨር ወደ ሲያትል፦ ከመርከብ ከወረዱ በኋላ ድንበሩን በምን መሻገር ይሻላል?

ውድ እህታችን፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከአላስካ ዊቲየር ተነስቶ ቫንኩቨር በሚያበቃው መርከብ እናትዎንና ሁለት ልጆችዎን ይዘው እንደሚጓዙ፣ ባለቤትዎ በሥራ ምክንያት አብረው እንደማይሄዱ ገልጸው፣ ወደ ሲያትል ለመመለስ ከባቡር፣ ከአውቶቡስ፣ ከአውሮፕላንና ከኪራይ መኪና የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ይህን መንገድ በሁለት የተለያዩ ዓመታት ከእናቴ ጋር ተጉዤበታለሁ፤ መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ ቀጥሎ በባቡር።

መርከቡ ለምን እዚያው ሲያትል እንደማያወርድዎ ለጠየቁት፣ ምክንያቱ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። በውጭ አገር ባንዲራ የሚጓዝ መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ጭኖ በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዲያወርድ ስለማይፈቅድ፣ ከአላስካ ወደ ደቡብ የሚመጡት የአንድ አቅጣጫ ጉዞዎች ቫንኩቨር ላይ ያበቃሉ። በዚህም የተነሳ በአንድ ቀን ሁለት ፍተሻ ይጠብቅዎታል፦ ካናዳ ፕሌስ በተባለው የቫንኩቨር መርከብ ማረፊያ ሲወርዱ የካናዳው፣ ከዚያ የአሜሪካው።

ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናየው ዋጋውንና የጉዞውን ሰዓት ነው። ነገር ግን ርቀቱ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን የሚያከብደው ወይም የሚያቀልለው መንገዱ ሳይሆን ድንበሩ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የት ቦታ እንደሚያገኛችሁና በዚያ ሰዓት ሻንጣውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ያስቡ።

በአውቶቡስ የሄድን ጊዜ ይህን አላሰብኩም ነበር። አውቶቡሶች በጭነት መኪናዎቹ መሻገሪያ በፓሲፊክ ሀይዌይ በኩል ያልፋሉ፤ እዚያ ሲደረስ መንገደኛው ሁሉ ይወርዳል፣ ሻንጣውንም ከአውቶቡሱ የዕቃ ክፍል አውጥቶ ራሱ እየጎተተ ወደ ፍተሻው አዳራሽ ይገባል። ዝናብ ነበር፤ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እኔ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዤ ክንዳቸውን መደገፍ አልቻልኩም። የእኛ ፍተሻ በአጭር ጊዜ ቢያልቅም አንድ መንገደኛ ለተጨማሪ ጥያቄ ስለቀረ፣ ሁላችንም ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ለወጣትና ለብቸኛ ተጓዥ አውቶቡስ ርካሽና በቀን ብዙ ጊዜ የሚገኝ መልካም አማራጭ ነው። አንዲት ሴት እናቷንና ሁለት ልጆቿን ይዛ እንድትሄድበት ግን አልመክርም።

ባቡሩ፣ ማለትም አምትራክ ካስኬድስ፣ ከዚህ ይለያል። የኢሚግሬሽኑ ጥያቄ የሚጠናቀቀው ፓሲፊክ ሴንትራል በተባለው የቫንኩቨር ጣቢያ ውስጥ፣ ገና ሳይሳፈሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በድንበሩ ላይ ባለችው ብሌን ባቡሩ ለአጭር ጊዜ ቆሞ የጉምሩክ ሠራተኞች በፉርጎዎቹ ውስጥ ሲያልፉ እናትዎ ከወንበራቸው አይነሡም። ትልልቆቹን ሻንጣዎች ጣቢያው ላይ አስረክበው ሲያትል ኪንግ ስትሪት ጣቢያ መቀበል ይቻላል፤ ዊልቸር የሚያስፈልግ ከሆነም ትኬት ሲቆርጡ ማስመዝገብ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። በቀን ያሉት ሁለት ባቡሮች ብቻ ሲሆኑ፣ የጠዋቱ በእኛ አቆጣጠር ከ1 ሰዓት በፊት ስለሚነሣ ከመርከብ የሚወርድ ሰው ሊደርስበት አይችልም፤ የማታው የሚነሣው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፣ ሲያትል የሚደርሰውም ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቫንኩቨር መዋል አለ። እኔ ሻንጣችንን ወደቡ አካባቢ በክፍያ አስጠብቄ፣ እናቴን ባሕሩ ዳር አስቀምጬ፣ ምሳ በልተን፣ ሳንቸኩል ሄድን፤ እስካሁን የሚያስታውሱትም ያንን ቀን ነው። ከካናዳ ፕሌስ ጎን ካለው ዋተርፍሮንት ጣቢያ በከተማው ባቡር በስካይትሬን ሜይን ስትሪት ሲደርሱ የባቡር ጣቢያው ከፊት ለፊት ይታያል፤ ሻንጣ ካለ ግን ታክሲ ይያዙ። አንድ ነገር አደራ፦ የባቡሩ ድርጅት አምትራክ በዚሁ መስመር የአውቶቡስ ትኬትም ስለሚሸጥ፣ የቆረጡት ባቡር መሆኑን ደግመው ያረጋግጡ።

በኪራይ መኪና ጉዳይ፣ ካናዳ ተከራይቶ አሜሪካ መመለስ ከኪራዩ በላይ ከፍተኛ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚያስከትል ለእርስዎ አያዋጣም። ይልቅ ሰፊ መኪና ያለው ዘመድ ሊቀበልዎ ቢመጣ ከሁሉም የተሻለው እርሱ ነው፤ ከመኪናው ሳይወርዱ ይታለፋል፣ ልጆቹም ይተኛሉ። ዘመድዎ ግን ድንበሩን ሁለት ጊዜ ስለሚሻገር ለራሱም የተሟላ ሰነድ ያስፈልገዋል። አውሮፕላን ጠቃሚ የሚሆነው ከሲያትል አልፎ ለሚሄድ ሰው ነው፤ የአሜሪካው ፍተሻ እዚያው ቫንኩቨር አየር ማረፊያ ስለሚያልቅ በቀጥታ ወደ ከተማው መብረር ይችላል። በዚያው ቀን ከሰዓት ከሲያትል የሚነሣ በረራ መያዝ ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ዘመድ ካልተገኘ የማታውን ባቡር እንዲይዙ እመክራለሁ።

ከትኬቱ በፊት ግን የእናትዎ ሰነድ ይቅደም። ግሪን ካርድ ካላቸው ለካናዳ ቪዛ አይጠየቁም፤ ነገር ግን ከሚያዝያ 2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ማሳየት አለባቸው። ብዙ እናቶቻችን ግሪን ካርዱን ካገኙ በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ሳያሳድሱ ስለሚቆዩ፣ ዛሬውኑ ገልጠው ቀኑን ይመልከቱ። ለጉብኝት የመጡ ከሆነ ደግሞ የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ የአሜሪካው ቪዛቸውም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ እንደገና መግባት ይችሉ እንደሆነ ከሕግ አዋቂ ሳያረጋግጡ ከአገር እንዳይወጡ። ልጆቹን ያለ አባታቸው ስለሚያሻግሩ፣ ባለቤትዎ የፈረሙበትና በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ፤ እኔ በነበርኩበት ሰልፍ አንዲት እናት ደብዳቤ ባለመያዟ ልጇ ፊት ብዙ ስትጠየቅ አይቻለሁ።

ለመንገድ የሚይዙትን ቆሎም ሆነ በርበሬ ሲጠየቁ ሳይደብቁ ይናገሩ። ከመርከቡ ቁርስ ልጆቹ በቦርሳቸው የሚያስቀሩትን ብርቱካንና ሙዝ ግን ከፍተሻው በፊት ያስበሏቸው፤ ሳይነገር የተገኘ ፍራፍሬ ቅጣት ያስከትላል።