ሲቪዬን ጎግል ላይ አገኘችው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የባህር ዳር ነዋሪ ነኝ። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በሒሳብ ሠራተኛነት 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ አለቃዬ ግን አያውቁም። ፖሊ ግቢ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ «ኮፒ እያስደረግሽ በየቢሮው አትዙሪ» ብሎ በስሜ ድረ ገጽ ሠራልኝ። ፎቶዬ፣ ስልኬ፣ የትምህርት ማስረጃዬ፣ የምሠራበት ሆቴል ስም፣ ሪፈረንስ ያደረግኳቸው 3 ሰዎች ስምና ስልክ፣ ምን ልበልዎት፣ ያልተቀመጠ ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ስሜን ጎግል ላይ ስትጽፍ አገኘችውና «ልትለቂ ነው እንዴ?» አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። ለማንም እንዳትናገር ለመንኳት፤ ግን እሷ ካገኘችው ሌላ ሰውስ ለምን አያገኘውም? ወንድሜ «ሮቦትስ የሚባል ፋይል ጨምሬበታለሁ፣ ከአሁን በኋላ ጎግል አያየውም» ይለኛል። እውነቱን ነው? ጨርሼ ላጥፋው ወይስ ቀጣሪዎች ብቻ እንዲያዩት ማድረግ ይቻላል? አለቃዬስ ቢሰሙ ምን ልበል?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አለቃሽ አይደለም፤ ስለ ሦስቱ ሪፈረንሶችሽ ነው። እነዚያ ሰዎች ስልካቸውን የሰጡሽ ቀጣሪ ደውሎ እንዲጠይቃቸው እንጂ ዓለም ሁሉ እንዲያየው አይደለም። አንቺ በራስሽ ስልክ ላይ መወሰን ትችያለሽ፣ በእነሱ ግን አትችይም። ስለዚህ ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ለወንድምሽ ደውዪና ገጹን ለጊዜው ያውርደው። የቀረው ቀስ ተብሎ ይታያል።

ወንድምሽ ስላለው ነገር። ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለው ፋይል ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ለጎግልና ለመሳሰሉት መፈለጊያዎች «ወደዚህ ክፍል ባትገቡ» ብሎ ይነግራል። በር ላይ «መግባት ክልክል ነው» ብሎ እንደመለጠፍ ነው፤ በሩ ግን አልተቆለፈም። ጨዋው ይመለሳል፣ ሌላው ገፍቶ ይገባል። ደግሞ ፋይሉ ራሱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ከድረ ገጹ አድራሻ በኋላ ስሙን ጽፎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ወንድምሽ «ሲቪ የሚለውን ፎልደር እንዳትነኩ» ብሎ ጽፎበት ከሆነ ፎልደሩ የት እንዳለ ለሚፈልግ ሰው ጠቁሟል ማለት ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሮቦትስ ፋይል ጎግል ገጹን እንዳያነብ ይከለክላል እንጂ አድራሻውን ከዝርዝሩ አያወጣም፤ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ሊንኩ ካለ ባዶ አድራሻው ያለ ማብራሪያ ሊወጣ ይችላል። ከዝርዝሩ የሚያስወጣው ገጹ ውስጥ የሚጻፍ ኖኢንዴክስ የሚባል ትእዛዝ ነው። ጎግል ያን ትእዛዝ የሚያየው ግን ገጹን እንዲያነብ ሲፈቀድለት ነው። ሁለቱን አብሮ ያስገባ ሰው አንዱን በአንዱ አክሽፏል። ልጁ ጎበዝ መሆኑ ያስታውቃል፣ ይህቺ ግን ብዙ ጎበዞችንም አታልላለች።

እውነተኛው ቁልፍ ፓስወርድ ነው፤ እሱም ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ራሱ የሚጠይቀው ሲሆን። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ከላዩ ላይ ሣጥን አውጥቶ ፓስወርድ የሚጠይቅ አሠራር አለ፤ ያንን አትመኚ፣ ጽሑፉ አስቀድሞ ወደ ጎብኚው ብሮውዘር ስለገባ የገጹን ሶርስ ኮድ (ገጹ የተጻፈበትን ጽሑፍ) የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። ወንድምሽን ልክ እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ፓስወርዱ ሳይገባ ሰርቨሩ ጽሑፉን ይልካል ወይስ አይልክም?» የማይልክ ከሆነ ተቆልፏል።

ሌላም ጠይቂው፤ ገጹን የት ነው ያስቀመጠው? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ጊትሀብ የሚባል የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያስቀምጣሉ። ነጻ አካውንት ላይ ድረ ገጹ እንዲሠራ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሪፖዚተሪ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። ክፍት ሲሆን ደግሞ የቆየው ታሪክ ሁሉ አብሮ ይታያል። ዛሬ ስልክ ቁጥሩን ከገጹ ቢያጠፋው እንኳ የትናንቱ ቅጂ እዚያው ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሪፈረንሶችሽን ስልክ አጠፋሁ ብለሽ ስትተኚ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደረገ ሰው ያገኘዋል። እንዲህ ከሆነ ሪፖዚተሪውን ራሱን አጥፍቶ ንጹሕ አዲስ መጀመር ይሻላል።

«ለቀጣሪ ብቻ የምሰጠው የተለየ አድራሻ ልክፈት» ብለሽም እንዳትታለዪ። ከስምሽ በፊት «የግል» የሚል ንዑስ አድራሻ ተጨምሮ የደህንነት ሰርተፍኬት ሲወጣለት ስሙ ማንም ሊፈልግ በሚችለው የሰርተፍኬት መዝገብ ላይ ይጻፋል። አድራሻውን ሰው ስላላወቀው ብቻ ተደበቀ ማለት አይደለም። ዶሜኑ (የድረ ገጹ ስም) በአንቺ ስም ከተገዛም የባለቤቱ ስልክና ኢሜይል እንዳይታይ የሚያደርገው አማራጭ መከፈቱን ያረጋግጥልሽ።

ቴሌግራምን ለይቼ ልንገርሽ፣ እኔም ደርሶብኛልና። ከዓመታት በፊት ሥራ ስፈልግ የገጼን ሊንክ ለአንድ ጓደኛዬ ላክሁለት። እሱ በቅንነት «ሰው የሚፈልግ ካለ» ብሎ ትልቅ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ግሩፑ ውስጥ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ነበሩ። ሊንኩን መክፈት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ቴሌግራም ራሱ ገጹን አንብቦ ፎቶዬን፣ ስሜንና «አዲስ ሥራ በመፈለግ ላይ» የሚለውን መስመር ከመልእክቱ ሥር በሣጥን አወጣው። ሮጬ ገጹን አጠፋሁት። ሣጥኑ ግን መልእክቱ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ፣ መልእክቱን የላከው ሰው እስኪያጠፋው ድረስ ሰው ሁሉ ሲያየው ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ የነበረውን ዝምታ እስከዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ የገጽሽ ርእስና አጭር መግለጫ ላይ ስምሽና ሙያሽ ብቻ ይሁን። «ሥራ ፈላጊ» የሚል ቃል የትም አይግባ። ገጹ በሰርቨር ፓስወርድ ከተቆለፈ ደግሞ ቴሌግራምም የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፤ ምን ይጻፍ? እኛ አገር ሲቪ ሲጻፍ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ሳይቀር ይገባል። በወረቀት ጊዜ ወረቀቱ አንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ያርፍ ነበርና ብዙም አይጎዳም። ድረ ገጽ መሳቢያ የለውም። እነዚህን ሁሉ አውጪ። የዲግሪሽንና የመታወቂያሽን ስካን፣ የፋይዳ ቁጥርሽንም ጭምር። ቀጣሪ ሲፈልግ ይጠይቅሻል፣ ያኔ ለእሱ ብቻ ትልኪለታለሽ።

የሆቴሉን ስም ብቻ አውጥተሽ ደግሞ ተገላገልኩ እንዳትዪ። ባህር ዳር ናት እኮ። «ጣና ዳር ባለ፣ ጀልባ ያለው፣ ይህን ያህል አልጋ ያለው ሆቴል» ብለሽ ብትጽፊ የት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይፈጅም። «በሆቴል ዘርፍ የ6 ዓመት የሒሳብ ልምድ» በቂ ነው። የሆቴሉን ገቢ፣ የዘጋሽውን ሒሳብ መጠን፣ ያገኘሽውን ጉድለት እንደ ስኬት አትዘርዝሪ። እሱ የመሥሪያ ቤቱ ምስጢር ነው። ያነበበው ቀጣሪም «ነገ የእኛንም እንዲህ ትጽፋለች» ብሎ ያስባል።

ፎቶውንም አስታውሺ። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ቤት በራፍ ላይ የተነሳሽው ከሆነ ቤትሽን ጭምር ለጥፈሻል። ወንድምሽ ያን መረጃ አጥፍቶ ይጫነው። የፒዲኤፉን ስምም እዪ፣ «የመጨረሻ ሲቪ ለእገሌ ድርጅት» በሚል ስም ሌላ ድርጅት ጋ ሲደርስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ላጥፋው ወይ ላልሽው እንደ ታናሽ እህቴ ልንገርሽ፤ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም ዲዛይነር ብትሆኚ ሥራሽን የምታሳዪበት ገጽ የግድ ያስፈልግሽ ነበር። ለሒሳብ ባለሙያ ግን ድረ ገጽ ሥራ አያስገኝም። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ መቶ ማመልከቻ የተከመረባት ሴት ሊንክ ከፍታ፣ ፓስወርድ ጽፋ፣ ገጽ እስኪወጣ አትጠብቅም። ፒዲኤፍ ትከፍታለች። ስለዚህ በስምሽ ያለው ገጽ አንድ ሉህ ይሁን፤ ስም፣ ሙያ፣ ለሥራ ጉዳይ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል። ማንም ቢያየው የማያሳፍር፣ ማንንም የማያስጠረጥር። ሙሉው ሲቪ ፒዲኤፍ ሆኖ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ለመረጥሽው ቀጣሪ በኢሜይል ላኪው። ስልክሽ ላይም ፍላሽ ላይም ይኑርሽ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ባህር ዳር ሆነን አንረሳውምና። ጎግል ድራይቭ ላይ ካስቀመጥሽው «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» የሚለው አማራጭ ላይ አትተዪው፣ የሰውየውን ኢሜይል ጽፈሽ ለእሱ ብቻ ፍቀጂ።

ጎግል ላይ የቀረው ነገርስ? ገጹ ከወረደ በኋላ ወንድምሽ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል በኩል እንዲነሳ ይጠይቅ። ያ ጥያቄ ለ6 ወር ያህል ብቻ ነው የሚደብቀው፤ ስለዚህ ገጹ በእርግጥ ተነስቶ መሆን አለበት። ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድሮ ድረ ገጾች ማከማቻ ውስጥም አድራሻሽን ፈልጊ። ቅጂ ካለ እንዲያወጡት በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል።

ስለ አለቃሽ። ከጠየቁሽ አትዋሺ። «አዎ፣ የሥራ ታሪኬን አደራጅቻለሁ፣ የተሻለ ዕድል ከመጣ አያለሁ፤ እዚህ እስካለሁ ድረስ ሥራዬ አይጓደልም» በዪ። ሥራ መፈለግ ነውር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ያን ማስጠንቀቂያ ግን አዲሱ ቀጣሪ የቅጥር ደብዳቤ እጅሽ ላይ ሳያስገባ እንዳትጽፊ፤ በስልክ «ተቀጥረሻል» የተባሉ ስንቶቹ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ማመልከቻ ስትልኪም «እባካችሁ ለአሁኑ አሠሪዬ ከመደወላችሁ በፊት አሳውቁኝ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ፤ የለመደ ቀጣሪ ይረዳዋል።

ለሪፈረንሶችሽም ዛሬ ደውዪላቸው። ስልካቸው ይህን ያህል ጊዜ ኢንተርኔት ላይ እንደነበር ንገሪያቸው፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎላቸው ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይገባቸዋል። ከዛሬ በኋላ ሲቪሽ ላይ «ሪፈረንስ ሲጠየቅ ይቀርባል» ብለሽ ጻፊ።

አጭር ጥያቄ፦

ሊንክድኢን ላይ «ለሥራ ክፍት ነኝ» የሚለውን ባበራው መሥሪያ ቤቴ ያያል? ከጊዮርጊስ አካባቢ

መልስ፦

ሁለት ዓይነት ነው ወንድሜ። ፎቶህ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት የሚያደርገውን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ እሱን ተወው። ሁለተኛው ለቀጣሪዎች ብቻ የሚታየው ነው። ሊንክድኢን ይህን ከራስህ ድርጅት ቀጣሪዎች ለመደበቅ ይሞክራል፤ ሙሉ በሙሉ እንደሚደበቅ ግን ዋስትና አልሰጥም ብሎ ራሱ ጽፏል። የሚሠራውም ፕሮፋይልህ ላይ የመሥሪያ ቤትህን ስም በትክክል ከሞላህ ነው፤ የማን ሠራተኛ እንደሆንክ ካላወቀ ከማን እንደሚደብቅህም አያውቅም። ከማብራትህ በፊት ያን አስተካክል። ፕሮፋይልህን በአንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አትቀይረው፤ ለውጡን ለምታውቃቸው ሰዎች የሚያሳውቀውን ማብሪያም መጀመሪያ አጥፋው።