«ስንብት» ወይስ «ሽኝት»? ለግዳጅ የሚሄድ ጓደኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የልብ ጓደኛዬ ወታደር ነው። ለሰላም ማስከበር ወደ ደቡብ ሱዳን ሊሄድ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ዓመት ገደማ ይቆያል። ፒያሳ ኬክ አዝዘን «የስንብት ቀን» ብለን ልናስጽፍ ስንል፣ አብሮት የሚያገለግል ልጅ «ተሰናበተ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? ስንለያይስ ምን ልበለው? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ ልጁ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በሠራዊት ቤት «ተሰናበተ» ማለት ከውትድርና ወጣ ማለት ነው፤ በመሥሪያ ቤትም «የስንብት ደብዳቤ» የደረሰው ሰው ሥራ ለቋል። «አሰናበትኩት» ብትልማ ይብሳል፤ አንተ ያባረርከው ይመስላል። ለእናንተ ዝግጅት ትክክለኛው ቃል «ሽኝት» ነው። ሸኚው የሚቀረው ሰው ነው፤ እስከ መናኸሪያ ወይም እስከ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አብሮ ሄዶ ይመለሳል። ሂያጁ ደግሞ ይሰናበታል፤ «ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናበተ» ቢባል ማንም አይሳሳትም፤ «ከሠራዊቱ» የሚለው ሲጨመርበት ወይም ዐረፍተ ነገሩ ማንን እንደተሰናበተ ሳይናገር ሲቀር ነው ትርጉሙ የሚዞረው። አደራ፣ ከሁለቱም ቃላት ፊት «የመጨረሻ» አትጨምሩ። «የመጨረሻ ስንብት»ም ሆነ «የመጨረሻ ሽኝት» የቀብር ቃል ነው፤ እናቱ አጠገብ ቆማ ታነበዋለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ፤ እኔም በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው። የአማርኛ መሰነባበቻ መለያየቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ይለካል። ማታ ለምትገናኘው «ደህና ዋል»፣ ነገ ለምታገኘው «ደህና እደር» ትላለህ። «ሰንብት» ከሰንበት የወጣ ነው፤ ቀናትንና ሳምንታትን ይይዛል። «ክረም» የክረምት ዘመድ ነው፤ ወራትን፣ ዓመትንም ይሸፍናል። ዓመት ለሚቆይ ሰው እንግዲህ ልኩ «ደህና ክረም» ነው። ዛሬ ከአፋችን እየጠፋ ነው እንጂ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሲመለስ «እንዴት ከረምክ?» ትለው የለ? ስትለያዩ የተናገርከውን ቃል ስትገናኙ በጥያቄ ትመልስለታለህ። «ቻው» ይህ የለውም፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ለታክሲ መውረጃ ይበቃል፤ ለዓመት ግን ያንሳል። ለሴት ጓደኛ «ክረሚ»፣ «ሰንብቺ» ይሆናል፤ «ዋል» ግን «ዋይ» ነው፣ «ዋሊ» አይባልም። እሱም እናትህን ሲሰናበት «ደህና ይክረሙ» ይበል።

ምርቃት ስትጨምር ሁለቱን አትደባልቅ። «በሰላም ግባ» መድረሱን ይመኛል፤ «በሰላም ይመልስህ» መመለሱን። ለወታደር ሁለቱም ያስፈልጉታል። ደግሞ «በሰላም ተመለስ» ስትለው በትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ መመለሱን በእሱ ጫንቃ ላይ ትጥለዋለህ። «አላህ በሰላም ይመልስህ»፣ «እግዜር በሰላም ያገናኘን» ስትል ሸክሙ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የወሎ ሽማግሌ ቡናው ላይ ሲመርቅ በ«ይ» እና በ«ያ» የሚጀምሩ ግሶችን የሚደረድረው ለዚህ ነው፤ ቤቱም «አሚን» ይላል። «ያገናኘን» መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ሂያጁንም ቀሪውንም ትይዛለች፤ እኔ ብመርጥ እሷን እመርጣለሁ።

«አብሽር»ን አትርሳው። ከዐረብኛ ቢመጣም አብሽር፣ አብሽሪ፣ አብሽሩ እያለ እንደራሳችን ግስ ይረባል። የሚባለው ለሚጨነቀው ሰው ነው፤ በሽኝት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሂያጁ ለእናቱ ይላታል።

ስለ ጉዞው ስታወራ «ዘመተ» አትበል። መሠረተ ትምህርትም ዘመቻ ተብሏል፤ ወታደር ዘመተ ሲባል ግን ጆሮ የሚሰማው ጦርነት ነው። ወታደሮቹ ራሳቸው «ለግዳጅ ሄደ»፣ «ተሰማራ» ይላሉ። «ባሕር ማዶ»ም እዚህ አይገባም፤ እስከ ጁባ የሚሻገሩት ባሕር የለም። በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ለተጓዘው የቃኘው ሻለቃ ግን ቃሉ ልክ ነበር። ለጓደኛህ «ውጭ አገር» ይበቃዋል።

ኬኩ ላይ ብዙ ቦታ ስለማይኖር ሁለት መስመር ብቻ አስጽፉ፦

በሰላም ያገናኘን
ደህና ክረም

ኬክ ጸሐፊው «ደኅና» ብሎ ቢጽፈውም አታስጠፋው፤ ቃሉ የ«ድኅነት» ዘር ስለሆነ እንዲያውም ጥንተ ፊደሉ እሱ ነው።