የጤና ጥያቄና መልስ፦ «አልነሳም» ያሉት አባት

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው ደከመ። መጀመሪያ ላይ ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘላቸውን እንቅስቃሴ በደንብ ይሠሩ ነበር፤ አሁን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መውረዱም ይከብዳል። ወንድሜ «ስንፍና ነው፣ በግድ ይነሱ» ይላል፤ እናቴ ደግሞ አንጀቷ አልችል ብሎ እያጎረሰች፣ እያለበሰች ሁሉን ትሠራላቸዋለች። የትኛው ነው ልክ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን አይረዳቸውም። የገለጹልን ስንፍና ሳይሆን ድባቴ (ዲፕሬሽን) ይመስላል። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድባቴ ያገኛቸዋል። ምክንያቱ ማዘን ብቻ አይደለም፤ የአንጎል ጉዳቱ ራሱ ስሜትንና ተነሳሽነትን ሊነካ ይችላል። እንቅልፍና ድካም አያሳስቱዎ፤ እነሱን ስትሮኩ ብቻውን ሊያመጣቸው ይችላል። ሁለት ሳምንት ያህል፣ አብዛኛውን ቀን፣ በሐዘን ከዋሉ ወይም ይወዱት የነበረው ሁሉ (ዜናው፣ የልጅ ልጁ፣ ቅዳሴው) ምንም ካልመሰላቸው ግን ለሚከታተላቸው ሐኪም ወይም ለጤና ጣቢያው ይንገሩ።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ሕክምና አንድ ደንብ አለው፦ ስሜቱ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ተግባሩ ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል። ትንሽ ሥራ ይምረጡ፣ ሰዓት ይቁረጡለት፣ ምርጫው ግን የአባትዎ ይሁን። ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና በደከመው እጃቸው እየለቀሙ 10 ደቂቃ ይቀመጡ። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ጣቶቻቸውን ያሠራል፣ ሥራውም ለቤቱ የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ ነው። መቁላቱንና ከሰሉን ግን ያርቁባቸው፤ የደከመው ጎን ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ሳያውቁት ይቃጠላሉ። ከሥራው በፊትና በኋላ «ስሜትዎ ከ10 ስንት ነው?» ብለው በደብተር ይጻፉ። እሑድ አብራችሁ እዩት። «ምንም አይለውጥም» የሚለውን ሐሳብ ከምክር ይልቅ የራሳቸው ቁጥር ይሞግተዋል። 10 ደቂቃው ከበዛ ወደ 5 ያውርዱት፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው በብዙ ጀምሮ ነው።

የማጉረሱን ነገር በጥንቃቄ ይዩት። ቀኝ እጁ የደከመ ሰው በግራው ከመሶብ መብላት ነውር ስለሚሆንበት ከገበታ ይሸሻል፤ ቤተሰቡ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ ይላል። ለብቻቸው ሳህን ላይ ፍትፍት አድርገው ማንኪያ ይስጧቸው፤ ከእናንተው ጋር፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸው ገበታው ላይ ሆኖ ይብሉ። ሲውጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውኃ የያዘ የሚመስል ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው። በአለባበስም እናትዎ የደከመውን እጅ መጀመሪያ እጅጌ ውስጥ ያስገቡላቸው፤ ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱት። ሁለት ደቂቃ የነበረው አሥር ይፈጃል። ይፍጅ።

ደረጃውን ፊዚዮቴራፒስቱ ከፈቀደ በኋላ ይጀምሩ። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የደከመው። ደጋፊው ከእሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በደከመው ጎን ይቁም። የመጀመሪያው ሳምንት ግብ የመጀመሪያው ማረፊያ ብቻ ነው፤ እዚያ ወንበር ያስቀምጡ።

የድባቴ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ «አልሠራም» ብለው በአምስተኛው ቀን አያቁሙት። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ ፍሉኦክሰቲንን የመሳሰሉት የድባቴ መድኃኒቶች ከእነዚህ ጋር ሲሆኑ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ያፈዛል፣ ሲነሱም ያዞራል፤ ለመውደቅ ለተጋለጠ ሰው ያሳስባል። ፍሉኦክሰቲን የእጅና የእግርን ጉልበት ይመልሳል የሚል ተስፋ ነበር፤ በ2018 እና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ግን አላገኙትም። ጠበል ከተሄደም የደም ግፊቱም ሆነ የስሜቱ መድኃኒት አይቋረጥ።

«ሞቼ ባረፍኩ» ካሉ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተዉ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ይቆልፉ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከስትሮኩ ወዲህ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ያለቅሳል፤ አንዳንዴ ለቅሶ ቤት ውስጥ ይስቃል። አእምሮው ተነካ? (ከሰበታ)

መልስ፦ አልተነካም። ለቅሶው ድንገት መጥቶ በአፍታ የሚያልፍ፣ ከልቡ ሐዘን ጋርም የማይመጣጠን ከሆነ፣ አንጎል ለቅሶና ሳቅን የሚገታበት መንገድ ተጎድቶ ነው። «አዝነህ ነው ወይስ እንዲሁ መጣብህ?» ብለው ለብቻው ይጠይቁት። ጠያቂዎችን በር ላይ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲያለቅስ ማባበሉ ያባብሰዋልና ወሬውን ይቀይሩ፣ እሱም ቀስ ብሎ ይተንፍስ፣ አቀማመጡን ይለውጥ። በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስበት ከሆነ የሚያስታግሥ መድኃኒት ስላለ በቀጣዩ ቀጠሮ ለሐኪሙ ያንሱት።