መልስ፦ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለተወለደው የእህትሽ ልጅ

«የልጁ ከንፈር የተሰነጠቀው በግርዶሽ ነው ወይ?» ላልሽው፦ ግርዶሽ አይደለም። እህትሽ በግርዶሽ ቀን ደጅ ስለወጣች አይደለም የልጇ ከንፈር የተሰነጠቀው። ይህን ኮምቦልቻ ላሉት አማቷም ንገሪያቸው።

የላይኛው ከንፈር የሚሠራው ከ4ኛው እስከ 7ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው። ከግራና ከቀኝ የሚመጡት የፊት ክፍሎች ተገናኝተው ይጋጠማሉ፤ ካልተጋጠሙ ስንጥቅ ይሆናል። ያኔ ብዙ እናት ማርገዟንም አታውቅ! አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ዘር አለበት፤ ሲጋራና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም አሉበት።

«ሁለተኛውም እንዲህ ይሆናል ወይ?» ላልሽው፦ በዘመድ ውስጥ ሌላ ሰው ከሌለ ከ100 ወደ 4 ገደማ ነው። ግን የእናትና የአባቱን የታችኛ ከንፈር እዩ። ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉበት ነገሩ ይለያል፤ ከሁለት አንድ ልጅ ጉዳዩን ሊወርስ ይችላል። ተመራማሪው ጄፍሪ መሬይና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ለዚህኛው ዓይነት ተጠያቂ የሆነውን ጂን (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ቅንጣት) አግኝተዋል፤ አይ አር ኤፍ 6 ይባላል። ስለዚህ ለሐኪሙ ንገሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ላንቃውንም በባትሪ አሳዩ። እኛ ደሴ ላይ የወንድሜን ልጅ ከንፈሩን ብቻ አይተን ወር ሞላን። ጡት ላይ ይውላል፣ አይጠግብም። ለካ ላንቃውም ክፍት ኖሯል! ኪሎው ስላልሞላ ኦፕራሲዮኑ ተራዘመ። በኋላ ቀና አድርገን ይዘን፣ የታለበ የእናቱን ወተት በትንሽ ሲኒ ቀስ እያልን ስንሰጠው ነው ሰውነቱ የተመለሰው።